ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?

ሰሞኑን ማታ ማታ ዶርማችን ውስጥ ክርክር ነው። መብራት ሲጠፋ ይጀመራል፤ መብራት ሲመጣም አይበርድም። መነሻው የሽግግር ፍትሕ የሚባለው ጉዳይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ፍርድ ቤትና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ያስባል። አንዱ ጓደኛችን «እሰይ! አገር ገዝቶ ያጠፋ ሁሉ ይመርመር» ይላል። ሁለተኛው «ኧረ ተዉት፣ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም የባሰ ነገር ተናገረ፦ «ሰውዬው ጥፋተኛ ከሆነ ጥፋተኛ ነው፤ ማንም ይመርምረው፣ ምን አገባን?»

ይህ ጽሑፍ በተለይ ለሦስተኛው ጓደኛችን ነው። ምክንያቱም እሱ ብቻውን አይደለም። በካፌውም፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍም፣ በአስተማሪዎቻችንም መካከል ይኸው አነጋገር ይሰማል። እኛ ደግሞ «ማን መረመረው?» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን አጠፋ?» እኩል የሚመዝን ነው እንላለን። አገራችን የቀድሞ መሪዎቿን መርምራ የማታውቅ አገር አይደለችም። መርምራለች፣ አስራለች፣ ፈርዳለች፣ ገድላለችም። ነገር ግን መርማሪው ሁልጊዜ ወንበሩን የወረሰው ሰው ሎሌ ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛው በደንብ አልተፈረደበትም፣ ንጹሑም በደንብ ነጻ አልወጣም፣ እውነቱም የሕዝብ ሀብት ሳይሆን የአሸናፊ ንብረት ሆኖ ቀረ።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። የምንማርባት ከተማ በስሟ ውስጥ ሚዛን አለ። ዛሬ ሚዛን አማን ብንላትም የቀድሞ ስሟ ሚዛን ተፈሪ ነው። ተፈሪ ደግሞ ጃንሆይ ዘውድ ሳይጭኑ የሚጠሩበት ስም ነው። ከተማችን ሚዛንንና ንጉሥን በአንድ ስም አጣምራ ኖራለች። አገሪቱ ግን እስከ ዛሬ ንጉሥን ሚዛን ላይ ማውጣት አልቻለችበትም።

ኅዳር ላይ ከሚዛን እስከ ቴፒ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን ያያል፦ ገበሬው ጀንፈሉን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል። ሚዛኑ የገዢው ነው። ቁጥሩን የሚያነበው ገዢው ነው። ዋጋውን የሚናገረውም እሱው ነው። ከመካከላችን አንዱ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ከጎረቤት በተዋሱት ሚዛን አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ መዝነው ይዘው ወጡ። አንድ ነጋዴ ዘንድ ሲደርሱ 15 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። በመንገድ ላይ ሁለት ኪሎ ቡና አልፈሰሰም። ልጁ «አባዬ፣ ለምን ዝም አልክ?» ቢላቸው «ልጄ፣ ሚዛኑ የሱ ነዋ!» አሉት።

ልብ በሉ፤ ነጋዴው ሌባ ነበር ማለታችን አይደለም። ምናልባት የተሳሳተው የጎረቤት ሚዛን ይሆናል። ግን ማን ይወቅ? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሚዛኑን ገዢው ከያዘው፣ በእውነት ሲመዝን እንኳ የሚያምነው የለም። የፍርድም ነገር ከዚህ አይለይም።

አሁን ወደ ትልቁ ሚዛን እንውጣ። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ተረት በሕግ ቋንቋ ጻፈው፤ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነቀፍ ነው አለ። ተረቱን እንደ ፈሪ አነጋገር አድርገን የምንሥቅበት ብዙ ነን። እኛ ግን ጎዶሎነቱን ነው የምናየው። ሙሉው ልማዳችን «ንጉሥ በወንበሩ ላይ ሳለ አይከሰስ፤ ከወንበሩ ከወረደ ግን ክስም አያስፈልገው» የሚል ነው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ግን ምሣሩ ሁሉ የት ነበር?

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ አገሪቱ አንድ መልካም ነገር ጀምራ ነበር። የቀድሞ ባለሥልጣኖችን ሀብትና ሥራ፣ የወሎን ረሀብ መደበቅም ጭምር የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። ከአባላቱ መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩበት። ኮሚሽኑ ሰነድ መሰብሰብ፣ ቃል መቀበል ጀመረ። ለረጅም ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሆነው ስለ ሥራቸው በጽሑፍ መልስ ሰጡ። እስቲ አስቡት! በዚህች አገር አንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ለጥያቄ መልስ እየሰጠ ነበር። ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይመልሳል፤ ሁለቱም ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በታሪካችን ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ?

ምርመራው ግን አላለቀም። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎችን ገደለ። አክሊሉም፣ ተከታያቸው እንዳልካቸው መኮንንም ከሟቾቹ ውስጥ ነበሩ። ክስ አልቀረበም፤ ዳኛ አልተሰየመም። የፖለቲካ ውሳኔ ነው ተባለ። በዚያች ሌሊት የተገደሉት ሰዎቹ ብቻ አይደሉም። ምርመራውም አብሮ ተገደለ። ከሟቾቹ መካከል ማን በሕዝብ ገንዘብ ሰርቆ እንደነበር፣ ማን የወሎን ረሀብ ሆን ብሎ እንደሸሸገ፣ ማንስ ምንም እንዳልበደለ በፍርድ የሚነጥረው ሁሉ ጉድጓድ ገባ። ዛሬ የአንዱ ቤተሰብ «አባታችን ንጹሕ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ሌቦች ነበሩ» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። መርማሪውን ከሥራው ያፈናቀለ ሰው ለተጠርጣሪውም ለተበዳዩም ጠላት ነው።

ጃንሆይስ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። ክስ ሳይመሠረትባቸው ታስረው ቆዩና ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ። ያኔ በሕመም ሞቱ ተባለ፤ ከዓመታት በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በደርግ መሪዎች ላይ ባቀረበው ክስ ግን ታፍነው ተገደሉ አለ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ በፍርድ ቤት ሊጠየቁ የሚገባ ነገር ነበረባቸው ብሎ የሚያምን ሰው ከመካከላችን አለ። የለባቸውም የሚልም አለ። ሁለታችንም ግን ተበድለናል፤ የምንከራከርበት መዝገብ የለንምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንግለጽ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የወደቁትን መሪዎች ሁሉ «አንቱ» እያልን ነው የምንጽፈው። ከጓደኞቻችን አንዱ ረቂቁን አንብቦ «መንግሥቱንም?» ብሎ ተቆጣ። አዎ፣ እሳቸውንም። ስለ እኩል ሚዛን እየጻፍን አንዱን «አንቱ» ሌላውን «አንተ» ካልን እኛም ጣታችንን ሚዛኑ ላይ አሳረፍን ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እንምጣ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ፤ ሐራሬ ገቡ። ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ። በ1984 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 22 ወጥቶ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ስለዚህ መሥሪያ ቤት የሚገባውን ሁሉ መመስከር አለብን። በፊርማና በማህተም የተሰጡ የግድያ ትእዛዞችን ከየመዝገብ ቤቱ ሰበሰበ። ከአርጀንቲና በመጡ የዐፅም ምርመራ ባለሙያዎች እርዳታ የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ። በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ችሎት ፊት ቆመው ተናገሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም የኛው ዕድሜ። ስልሳዎቹ ያላገኙትን ችሎት ገዳዮቻቸው አገኙ፤ ጠበቃም ቆመላቸው። ይህ ከ1967ቱ ሌሊት ጋር ሲነጻጸር ሰማይና ምድር ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ የታሰረበት ገመድ። አዋጁ መሥሪያ ቤቱን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲሆን አደረገ። በጦር ሜዳ ያሸነፈው ወገን ጠቅላይ ሚኒስትር የተሸናፊው መርማሪ አለቃ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የአጥሩ ስፋት። ሥልጣኑ በደርግና በኢሠፓ መንግሥት ሰዎች ላይ ብቻ የተወሰነ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጦርነት፣ በሌላው ወገን በረሃ ውስጥ ለተፈጸመው በደል መርማሪ አልተሾመለትም። በ1989 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ የከሰሳቸው ሰዎች 5,198 ነበሩ። ሁሉም ከአንድ ወገን ናቸው።

ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ። የጥፋተኝነት ውሳኔው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተሰጠ፤ አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ኮሎኔሉ ግን ሐራሬ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ለሕክምና ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኢትዮጵያ ተላልፈው እንዲሰጡ ጠየቀች፤ ሳይያዙ ወደ ሐራሬ ተመለሱ። አገር ውስጥ የነበሩት ባልደረቦቻቸው ደግሞ የሞት ፍርዳቸው በ2003 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእስር ወጡ።

አሁን ለሦስተኛው ጓደኛችን እንመልስለት። «ጥፋተኛ ከሆኑ ማንም ይመርምራቸው» አልክ። መልካም፤ ጥፋተኛ ናቸው ተብሎ በሰነድ ተረጋግጧል። ታዲያ ዛሬ ዶርም ውስጥ የኛው ዕድሜ ልጅ የኮሎኔሉን ፎቶ ስልኩ ላይ አድርጎ «ያ ሁሉ የአሸናፊዎች ተረት ነው» ሲል ምን ትመልስለታለህ? ሰነዱ አለ፣ ዐፅሙ አለ፣ የእናት ቃል አለ። ግን ሚዛኑን የያዘው ገዢው ነበር። ስለዚህ የእናቶቹ እንባ እንኳ ሲመዘን ቀለለ። ነጻ ያልሆነ መርማሪ የሚጎዳው ተከሳሹን ብቻ ይመስልሃል? አይደለም ወንድማችን! ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ተበዳዩን ነው። እውነቱን ይዞ ሳለ የሚያምነው ያጣል።

ይህም ብቻ አይደለም። ታሪክ ቀልደኛ ናት። ያ አዋጅ በወጣ ጊዜ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ተጠሪ የነበረለት ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነበር? ታምራት ላይኔ። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ታምራት ራሳቸው ከሥልጣን ወረዱ። መጀመሪያ የፓርቲ ግምገማ ቀረበ፣ ቀጥሎ ምክር ቤቱ፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎ ወህኒ ቤት። በ1992 ዓ.ም. በሙስና የአሥራ ስምንት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ። በእርግጥ ሰርቀው ይሆናል። ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፦ ጓዶቻቸው ከጣሏቸው በኋላ ነው ሕግ ያያቸው። አንድ ቀን አስቀድሞ የትኛው መርማሪ የምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቢሮ ለመፈተሽ ይደፍር ነበር? በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ተረት አለ። የምርመራው ተረት ደግሞ «ሲሾም ያልታየ ሲሻር ይታያል» መሆኑ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ገዢው ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ። በዚያው ዓመት የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ ታሳሪዎች አንዱ በክፍፍሉ የተሸነፈው ወገን መሪ የነበሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ናቸው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብላ ወሰነች። ስዬ ተለቀቁ፤ ወዲያው ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ዓ.ም. ወጡ። ዳኛዋ ነጻ ነበረች፤ በውሳኔዋ አሳየች። ፖሊሱ ግን ነጻ አልነበረም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ዳኛ የሚፈርደው የቀረበለትን ነው። ማን ይቅረብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ የዳኛው ነጻነት በግማሽ መንገድ የቆመ ድልድይ ነው።

ሁለተኛው ጓደኛችን፣ ብርድ ልብሱን የተከናነበው፣ ነቃ ብሎ «በዓለም ላይ ነጻ መርማሪ የሚባል አለ እንዴ? ሁሉም የሰው ልጅ ነው፤ ወገን አለው» አለን። እውነት ነው፤ መልአክ አንጠብቅም። ነጻነት ግን የልብ ንጽሕና ብቻ አይደለም። ማን ይሾመዋል? ማን ይሽረዋል? ደመወዙን ማን ይቆርጠዋል? መዝገቡን «ዝጋው» ብሎ በስልክ ማዘዝ የሚችል አለ ወይ? ነጻነት እነዚህ አራት ጥያቄዎች ናቸው። ለአራቱም መልሱ «ወንበሩ ላይ ያለው ሰው» ከሆነ፣ መርማሪው ጻድቅ ቢሆንም እንኳ ሎሌ ነው።

የሌሎችን አገሮች እንይ። በብራዚል የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሉላ እ.ኤ.አ. በ2017 በሙስና ተፈረደባቸው፤ ታሰሩ፤ በምርጫው መወዳደር አልቻሉም። ምርጫውን ያሸነፈው ተቃዋሚያቸው ቦልሶናሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ሉላን የፈረደባቸውን ዳኛ ሞሮን የፍትሕ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ ዳኛው አድልቷልም አለ። ዛሬ ሉላ ሰርቀው ነበር ወይስ አልሰረቁም? የሚወዷቸው አልሰረቁም፣ የሚጠሏቸው ሰርቀዋል ይላሉ። እውነቱ እዚያም እንደኛው አገር ተቀበረ።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ «ጊንጦች» የሚባል የምርመራ ቡድን ጃኮብ ዙማን በመሣሪያ ግዢ ሙስና ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ገዢው ፓርቲ በአንድ ጉባኤ ዙማን መሪው አድርጎ መረጠ፤ ጊንጦቹም እንዲፈርሱ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረሱ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በምትካቸው የቆመው ቡድን በቂ ነጻነት የለውም ብሎ ሕጉን ነቀፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ዙማን ፍርድ ቤት በመድፈር 15 ወር እስራት ፈረደባቸው፤ እሳቸውም ታሰሩ። የገዛ ፓርቲያቸው በሥልጣን ላይ ሳለ! እዚያም ሥራው ሙሉ አይደለም፤ ግን የሚቻል መሆኑን አይተናል።

ምናልባት አንባቢ «እናንተ በቡና ጫካ መካከል ተቀምጣችሁ ስለ ቤተ መንግሥት ምን አሳሰባችሁ?» ይለን ይሆናል። ቴፒ ካምፓስ ያሉ ጓደኞቻችን መልሱን ያውቁታል። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒና በአካባቢዋ በአስተዳደር ጥያቄ በተነሣ ግጭት ብዙ የሸኮና የማጃንግ ሰዎች ተገደሉ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከመቶ በላይ ሟቾችን ጠቅሰዋል። ከተጠረጠሩት መካከል ሹማምንትና ፖሊሶች ነበሩበት። እንግዲህ ተጠርጣሪው ፖሊስ ሲሆን፣ የፖሊሱ አለቃም ተጠርጣሪ ሲሆን፣ የአገሬው ገበሬ አቤቱታውን ለማን ያቅርብ? ላይ ያለው ልማድ ታች ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ መርማሪው የወንበሩ ሎሌ ከሆነ፣ ወረዳ ላይ የአስተዳዳሪው ሎሌ ይሆናል። ኩሬው ከላይ ከደፈረሰ ታች ጥሩ ውሃ የሚቀዳ የለም።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ፖሊሲው ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ያስባል። ሁለተኛ ዕድል ነው፤ ለአገር ደግሞ ሁለተኛ ዕድል በየዓመቱ አይመጣም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሥራ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ሚኒስትሩም የካቢኔ አባል ነው። አዲሱ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በዚያው ገመድ ላይ ከታሰረ የ1984ቱን ስሕተት በአዲስ ማህተም መድገም ነው። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ልዩ ዐቃቤ ሕጉን ወንበር ላይ ያለ ሰው ብቻውን አይምረጠው፤ ብቻውንም አይሻረው። የሥራ ዘመኑ አስቀድሞ ይቆረጥ። በጥፋት ካልሆነ በቀር፣ ያም ጥፋት በግልጽ ተሰምቶ ካልሆነ በቀር አይነሣ። አጥሩ በፓርቲ ሳይሆን በሥራና በዘመን ይለካ፤ ያሸነፈም የተሸነፈም፣ የወረደም ያልወረደም፣ በአጥሩ ውስጥ ይግባ። መዝገብ ሲዘጋ ምክንያቱ ይጻፍ፣ ለሕዝብም ይገለጥ። የተጠርጣሪም ፊት በቴሌቪዥን ከችሎት በፊት አይፈረድበት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሜቴክ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ስናያቸው ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። ክስ ገና አልተመሠረተም ነበር። ሰውየው ይጥፉ አይጥፉ እዚህ አንፈርድም። የምንፈርደው በራሳችን ጭብጨባ ላይ ነው። ያ ጭብጨባ የኅዳር 1967ቱ ጭብጨባ የልጅ ልጅ ነውና።

አዎ፣ ያኔም ተጨብጭቧል። ከቀደሙን ተማሪዎች መካከል ያጨበጨቡ ነበሩ። «አድኃሪዎቹ አለቁ» ተብሎ ደስ ተባለ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ያው ያለ ፍርድ የሚተኩስ ጠመንጃ ወደ ተማሪው ዞረ። በስልሳዎቹ ላይ ሕግ ሲዘለል ዝም ያለ ሰው በራሱ ላይ ሲዘለል የሚጮህበት ሕግ አላገኘም። የጠላትህን መርማሪ ነጻነት ስትጠብቅ የራስህን እየጠበቅህ ነው። ለሦስተኛው ጓደኛችን ከዚህ የበለጠ መልስ የለንም።

አንድ የቀረን ነገር አለ። አያቶቻችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያለፈ መንገደኛ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ «በሕግ አምላክ!» ካለ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ሕፃኑ ጠመንጃ የለውም፣ ሹመት የለውም። ያቆማቸው ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር መኖሩን ማመናቸው ነው። ይህ ሕዝብ እንግዲህ ከአሸናፊም ከተሸናፊም በላይ የቆመ ሕግ ምን እንደሆነ ከድሮም ያውቃል። ያላወቁት በየተራ ቤተ መንግሥት የገቡት ናቸው።

የገበሬው ልጅ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ሲጨርስ ለአባቱ በስልክ አነበበላቸው። አባትየው ዝም ብለው ሰሙና «ታዲያ እኮ እኛም ይህንኑ ነው የምንለው፤ ሚዛኑ በገበያው መካከል ይቁም፤ ገዢውም ሻጩም ያንብበው» አሉ።

እኛም ከዚህ የምንጨምረው የለንም። ሚዛኑ በመካከል ይቁም። ያኔ የወደቀውንም፣ ወንበሩ ላይ ያለውንም፣ ነገ የሚመጣውንም እንመዝናለን።